ሳድሲት በቆርቆሮ ጣራ ላይ

በዛሬው ዘመን በአንድ መካከለኛ የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዓቶች ልቍጠር ብሎ የተነሣ ሰው፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ጀምሮ በየእጁ የተያዙትን ስልኮች፣ በማይክሮዌቩ ፊት የሚያበሩትን አኃዞች፣ በቴሌቪዥኑ ሪሲቨር፣ በኮምፒዩተሩ፣ በዋይፋዩ ራውተርና በውጭ በር ላይ በተተከለው የጥበቃ ካሜራ ሆድ ውስጥ የተሰወሩትን ሁሉ ሲደምር ከደርዘን በላይ ማግኘቱ የማይቀር ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ቃላቸው የሚገጥም ሁለት ለማግኘት ብዙ ይደክማል። በእኛ ቤት ይህ አለመስማማት ለረዥም ጊዜ በሰላም ኖሯል። የባለቤቴ እናት ለኪዳን እንዳይዘገዩ ሲሉ በመኝታ ክፍላቸው ያለውን ሰዓት ዐሥር ደቂቃ አስቀድመው አኑረውታል፤ መቅደሙን ስለሚያውቁም ባዩት ቍጥር ዐሥር ደቂቃ እየቀነሱ ያነቡታል፤ ከዚህ ስሌት የተገኘው ትርፍ ምን እንደ ሆነ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። የሳሎኑ ሰዓት ባትሪው ሲደክም ወደ ኋላ ይቀራል፤ የማይክሮዌቩ መብራት በጠፋ ቍጥር ከዜሮ ይጀምራል፤ እኛም እያንዳንዱን እንደ ጠባዩ ታግሠን እንኖር ነበር።

ትዕግሥታችንን ያፈረሰው ካሜራው ነው። በግቢያችን በር ላይ ቆሞ ያደረ የጎረቤት መኪና ጎኑ ተገጭቶ በተገኘ ጊዜ፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማስረጃው ይታይ ቢሉ፣ ካሜራው ገጪውን መኪና ከነሰሌዳው፣ ሹፌሩንም ከነኮፍያው አጥርቶ ቀርጾ ተገኘ፤ ነገር ግን በሥዕሉ ራስጌ የተጻፈው ዕለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዩወሪ 1 ቀን 1970፣ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር። ተከሳሹም አንደበተ ርቱዕ ሰው ኖሮ፣ "በዚያ ዘመን እንኳን እኔ፣ አባቴም መንጃ ፈቃድ አላወጣም" ብሎ ቢከራከር ሽማግሌዎቹ የሚመልሱት አጥተው ነገሩን በዕርቅ ጨረሱት። ዕለቱ ግን በዘፈቀደ የተጻፈ አልነበረም። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓትና ከእርሱ የተወለዱት ሁሉ ጊዜን የሚቈጥሩት ከዚያች መንፈቀ ሌሊት ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ስለ ሆነ፣ የዚህ ወገን የሆነ መሣሪያ ሁሉ ዘመኑ ሲጠፋበት ወደ ጥንተ ፍጥረቱ ይመለሳል።

ካሜራውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። የቤቱን መዛግብትና ሥዕሎች የምትጠብቀው ራስበሪ ፓይ የተባለችው በመዳፍ የምትያዝ ኮምፒዩተር፣ የእኛ ዓይነቷ የቀድሞ ሥሪት በመሆኗ፣ መብራት በሌለበት ሰዓት የምታስቈጥርበት ባትሪ በውስጧ የላትም፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በመጨረሻ የጻፈችውን ሰዓት ይዛ ትተኛለች፣ ሲመለስም ከዚያው ትቀጥላለች። አቤሜሌክ ከ66 ዓመት እንቅልፉ ነቅቶ የበለሱ ፍሬ እንዳልጠወለገ ባየ ጊዜ ጥቂት ያሸለበ እንደ መሰለው ሁሉ፣ እርስዋም ማታ ተኝታ በማግስቱ ረፋድ ስትነቃ ገና ማታ እንደ ሆነ ታምናለች፤ በዚህም እምነቷ በዚያው ማለዳ የታደሰውን የአንዱን ድረ ገጽ ማኅተም "ዘመኑ ገና አልደረሰም" ብላ ትመልሳለች። ሳትተኛ በምትውልበት ቀን እንኳ በውስጧ የሚርገበገበው የኳርትዝ ድንጋይ ከሚሊዮኑ ሃያ እጅ ያህል ቢስት፣ በአንድ ዕለት ወደ ሁለት ሰከንድ የሚጠጋ መዛነፍ ይሆናል።

ለዚህ ደዌ መድኃኒቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ ሰዓት የሚጠያየቁበት ሥርዓት ኤንቲፒ የሚባል ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1985 ጽፈው ያወጡት፣ ኋላም በደላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ለብዙ ዓመታት ሲያርሙትና ሲያቀኑት የኖሩት ዴቪድ ሚልስ ናቸው፤ ዓይናቸው ከውልደት ጀምሮ በግላኮማ የታመመ፣ በእርጅናቸውም ብርሃናቸውን ያጡት እኒህ ሰው፣ የዓለምን ሰዓት አስተካክለው እ.ኤ.አ. በ2024 ዐረፉ። የሥርዓቱም ጥበብ እንዲህ ነው። ሰዓቱን ያላመነ አባት ልጁን "ሂድና ከጎረቤት ሰዓት ጠይቀህ ና" ብሎ ቢልከው፣ ልጁ ይዞ የሚመለሰው ቃል ጎረቤቱ በተናገረበት ቅጽበት እውነት የነበረ፣ ቤት ሲደርስ ግን ያረጀ ቃል ነው፤ ስለዚህ አስተዋይ አባት ልጁ ከወጣበት እስከ ተመለሰበት ያለውን ጊዜ አስልቶ፣ ከጎረቤት ደጅ የቆመበትን ቀንሶ፣ የቀረውን መንገድ ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን በቃሉ ላይ ይጨምርበታል። ኤንቲፒ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ድካሙም ያው ነው፤ ልጁ ሲሄድ ሮጦ ሲመለስ ኳስ ሲያይ ቆይቶ እንደ ሆነ እኩሌታው እኩሌታ አይሆንምና።

ሥርዓቱ መዓርግም አለው። የአቶም ሰዓቶችና ሳተላይቶች ዜሮ ተብለው ከሁሉ በላይ ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ በቀጥታ የሚሰማ ሰርቨር አንደኛ፣ ከአንደኛው የሚሰማ ሁለተኛ እየተባለ እስከ ዐሥራ አምስተኛው ይወርዳል፤ 16 የተባለው ግን ከማኅበሩ የተለየ ውጉዝ ነው፣ ቃሉን የሚቀበለው የለም። የእኛ ቤት ኢንተርኔት ባለ ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው መዓርግ ላይ ይኖር ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ግን ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ መብራቱም ተመልሶ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ስለሚዘገይ፣ በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት ሁላችንም ውጉዛን ነበርን። ደግሞም ሰዓት ልመና ልክ ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአንድ ፋብሪካ የወጡ የቤት ራውተሮች በዊስኮንሲን–ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያለውን የአንድ ሰርቨር አድራሻ በልባቸው ተጽፎባቸው ኖሮ፣ መልስ ያጡ እንደ ሆነ በየሰከንዱ ደግመው ስለሚጠይቁ፣ ምስኪኑን ሰርቨር በሰከንድ በመቶ ሺዎች በሚቈጠር ጥያቄ አጥለቅልቀውት ነበር።

ስለዚህ ፊቴን ወደ ሰማይ አዞርሁ። በልጅነታችን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ይባሉ የነበሩት፣ ዛሬ ሕፃናት ሁሉ ሳተላይት የሚሏቸው እነዚያ የጂፒኤስ መንኰራኵሮች፣ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በየዕለቱ ሁለት ጊዜ እየዞሩ፣ እያንዳንዳቸው የሲዚየም ወይም የሩቢዲየም አቶም ሰዓት ተሸክመው፣ ሌት ተቀን "እኔ እገሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህ ነው" ከማለት በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። መንገድ ጠቋሚ ተብለው የሚታወቁት የዚህን ቃል መዘግየት በመለካት ሰው የት እንዳለ ስለሚያስታውቁ ብቻ ነው፤ በመሠረቱ ግን ሰዓት ናቸው። ቃላቸው በብርሃን ፍጥነት ተጕዞ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከሰከንድ ሺሕኛ 67 ያህል ዘግይቶ ነው። ከፍ ካለ ቦታ ስለሚኖሩና እጅግ ስለሚሮጡ፣ አልበርት አንስታይን እንዳስተማሩት፣ ሰዓታቸው ከምድር ሰዓት በቀን ከሰከንድ ሚሊዮንኛ 38 ይቀድማል፤ ይህ ሳይታረም ቢቀር በአንድ ቀን ብቻ ከ11 ኪሎ ሜትር ያላነሰ የርቀት ስሕተት በሆነ ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ አገልግሎቱ በነጻ መሆኑን ሳስብ፣ ይህን የሚያህል ሥራ ሠርቶ ደረሰኝ የማይጠይቅ ሹም በምድር ላይ እንደማላውቅ መመስከር አለብኝ።

ተቀባዩን ፍለጋ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሄድሁ ዕለት፣ ባለ ሱቁ፣ በከተማችን ጂፒኤስ የሚፈለገው ለመኪና መከታተያ በመሆኑ፣ "ለምን ዓይነት መኪና ነው ጋሼ?" ብሎ ጠየቀኝ። ለመኪና ሳይሆን ለቤት እንደ ሆነ ብነግረው ጥቂት አየኝና፣ "ቤትዎ ይሄዳል እንዴ?" አለ። "አይሄድም፤ ቤቴ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ የማላውቀው መቼ እንዳለ ነው" ብዬ መለስሁለት። ከዚህ በኋላ በዋጋው አልተከራከረኝም፤ እንዲያውም አንቴናውን በርኅራኄ መረቀልኝ።

አንቴናው ከክብሪት ቤት ብዙም የማይበልጥ፣ ከሥሩ ማግኔት ያለው ጥቍር ነገር ነው። ከቤት ውስጥ ሆኖ ምንም አይሰማም፤ ከሰማይ የሚመጣው ቃል ምድር ሲደርስ ከአየሩ ጫጫታ በታች እጅግ የደከመ ስለ ሆነ የቆርቆሮ ጣራ ጨርሶ ያግደዋል። በጣራው ላይ ሲወጣ ግን ያው ከልካይ የነበረው ቆርቆሮ አገልጋይ ይሆናል፤ ማግኔቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ከበታችም እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ለአንቴናው መስማት ይረዳዋል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን መቀመጧ የታደለች ያደርጋታል፤ የሳተላይቶቹ ምሕዋር ወደ 55 ዲግሪ ያጋደለ ስለ ሆነ፣ ለሰሜን አውሮፓ ሰዎች በሰሜን በኩል ባዶ የሚሆነው ሰማይ ለእኛ በአራቱም ማዕዘን የተሞላ ነው። ያለብን ጉድለት የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ማለፉ ነው፤ በዚህ ምክንያት በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ፀሐይ ከገባች በኋላ የላይኛው አየር እየታወከ ቃሉን ያንቀጠቅጠዋል። ዝናምና ደመና ግን አይጎዱትም። በሐምሌ በረዶ የሠፈሩ ዲሾች ሁሉ ሥዕላቸውን ሲያጡ የእኔ አንቴና በጽናት ይሰማል፤ ይህንንም በልኩ ብቻ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ጎረቤቴ የኳስ ጨዋታ በተቋረጠበት ቅጽበት ስለ ሰዓት መስማት አይወድም።

እርሱም መሰላሉን በያዘልኝ ጊዜ፣ "ይኸ ደግሞ ስንት ቻናል ይስባል?" ሲል ጠይቆኝ ነበር።

"አንድ ብቻ፤ እርሱም ሰዓት ከመናገር በቀር ሌላ የለውም።"

"ማስታወቂያስ?"

"የለውም።"

"እንግዲያውስ ደኅና ነው" ብሎ መሰላሉን አጥብቆ ያዘልኝ።

ተቀባዩ ወደ ኮምፒዩተሯ ሁለት ነገር ይልካል፤ ሰው ይህን ካላስተዋለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። አንደኛው በጽሑፍ የሚመጣ ቃል ሲሆን ዕለቱን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ዘርዝሮ ይናገራል፤ ነገር ግን ዘርዝሮ የሚናገር ሁሉ የሚዘገይ ነውና፣ ቃሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ሰከንዱ ከተጀመረ ቈይቷል። ሁለተኛው በአንዲት ቀጭን ሽቦ የሚመጣ፣ በየሰከንዱ መባቻ አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ የሚል ምልክት ነው፤ ይህ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ አያውቅም፣ "አሁን" ከማለት በቀር ቋንቋ የለውም፤ ነገር ግን "አሁን" ያለው በእውነት አሁን ነው። ጽሑፉ የትኛው ሰከንድ እንደ ሆነ ያስታውቃል፣ ሽቦው መቼ እንደ ጀመረ ያረጋግጣል፤ ሁለቱን አጋብቶ አንድ ሰዓት የሚያደርጋቸው ክሮኒ የተባለው ፕሮግራም ነው። ሽቦውን በዩኤስቢ በኩል ማስገባት የሚቻል ቢሆንም አልመክርም፤ ዩኤስቢ ተራ እያስጠበቀ የሚያስተናግድ በር ስለ ሆነ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል እንደ ዋዛ ያባክናል። በቀጥታ በኮምፒዩተሯ ፒን ላይ የተበየደ እንደ ሆነ ግን ስሕተቱ ወደ ጥቂት የሰከንድ ሚሊዮንኛ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሳተላይቶቹ ሙሉ መልእክታቸውን አንብበው የሚጨርሱት በ12 ደቂቃ ተኩል ነው፤ ከመልእክቱም ውስጥ አንዱ በጂፒኤስ ሰዓትና በዓለም አቀፉ ሰዓት መካከል ያለው የ18 ሰከንድ ልዩነት ስለ ሆነ፣ ቸኵሎ ቀድሞ ያነበበ ሰው የተሳሳተ ሰዓት ሊያነብ ይችላል። የባለቤቴ እናት ከበስተኋላዬ ቆመው፣ "ደረሰ?" ብለው ጠየቁኝ። በመስኮቱ ላይ የተጻፈው 05:00 ነበር። "እማማ፣ ይህ የግሪንዊች ነው፤ ሦስት ሲጨመርበት ፈረንጆች የአዲስ አበባ የሚሉት ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ ሦስት ሲቀነስበት ደግሞ እኛ የምንለው ሁለት ሰዓት ይሆናል" አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፣ "እኔ ዐሥር ደቂቃ ብቀንስ ትስቁብኛላችሁ" ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ኮምፒዩተሮች የሰዓት ቀጠና በሚፈልጉበት መዝገብ ውስጥ ደግሞ አዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የምትመራ ተከታይ ስም ሆና መጻፏን አልነገርኋቸውም፤ ቁርስ ሳይበሉ እንዲህ ያለ ነገር ማሰማት ደግ አይደለም።

የቤቱ ሰርቨር አንደኛ መዓርግ በተቀበለበት ሰሞን፣ ጎረቤታችን መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ለቡና ጎራ አሉ። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብን በልጅነታቸው ከመምህራቸው እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ፣ አበቅቴና መጥቅዕን በጣታቸው አንጓ የሚያወጡ ሊቅ ሲሆኑ፣ ለመሣሪያ እምብዛም ግድ የላቸውም፤ ዓይናቸው ግን በመስኮቱ ላይ በሚወጣና በሚወርደው አኃዝ ላይ ዐረፈ።

"ይህ የሚንቀጠቀጠው ምንድን ነው ልጄ?"

"የሰዓቱ ስሕተት ነው የኔታ።"

"ስሕተቱን ራሱ ይናገራል?"

"በየጊዜው ይጽፋል፤ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ተለክቶ።"

መሪጌታ ስኒያቸውን አኑረው ወረቀት አምጣ አሉኝ። በባሕረ ሐሳብ አንዲት ዕለት በ60 ኬክሮስ ትከፈላለች፤ ኬክሮስም በ60 ካልዒት፣ ካልዒት በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲት በ60 ራብዒት፣ ራብዒት በ60 ኀምሲት፣ ኀምሲትም በ60 ሳድሲት ትከፈላለች። እርሳቸው በቃል እየነገሩኝ እኔ በአኃዝ ስጽፍ፣ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲት ከሰከንድ ዐሥረኛ አራት እጅ፣ ራብዒት ከሰከንድ አንድ መቶ ኀምሳኛ ሆነች፤ ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ዜሮዎቹ እየበዙ ወረቀቱ ጠበበን። በመጨረሻ ሳድሲት ከሰከንድ ሚሊዮንኛ 1.85 ሆና ወጣች። ቀና ብለን ብናይ ክሮኒ የጻፈው ስሕተት 1.9 ነበር።

"እንግዲያው ሰዓትህ አንዲት ሳድሲት ስቷል በለኛ!" አሉ መሪጌታ፣ አንድን የጠፋ ዘመድ በመንገድ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በርቶ።

እኔም በእውነት ተደንቄ፣ ሊቃውንት የአሸዋና የጥላ ሰዓት እንኳ በቅጡ ባልነበራቸው ዘመን ይህን ያህል የቀጠነ መስፈሪያ ለምን አስፈለጋቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። መሪጌታም፣ ጨረቃ ዑደቷን የምትፈጽመው በ29 ዕለት ከ31 ኬክሮስ ከ50 ካልዒት ያህል እንደ ሆነ፣ ከዚያም በታች ገና ትርፍራፊ እንዳለ፣ ይህን ትርፍራፊ ዛሬ ትንሽ ነው ብሎ የጣለ ሰው በ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር መጨረሻ ላይ ደርሶ ሲቈጥር ጨረቃዋን በሌላ ቦታ እንደሚያገኛት ነገሩኝ። መስፈሪያው የተበጀው ለዓይን ሳይሆን ለዕዳ ነው፤ ክሮኒም የኳርትዙን መዛነፍ በየጊዜው እየመዘገበ ለነገ የሚያርመው በዚሁ ሐሳብ ነው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በቤታችን ማይክሮሰከንድ የሚል ሰው የለም። ከሳተላይት እስከ ጣራችን ያለው መንገድ ዐሥር ራብዒት፣ የአንስታይን ዕለታዊ ግብር ሃያ ሳድሲት፣ የጂፒኤስና የዓለም አቀፉ ሰዓት ልዩነት የአንድ ካልዒት ሦስት አራተኛ ተብሎ ይነገራል፤ አፍም ላይ ደስ ይላል።

መሪጌታን ያልማረካቸው ያ የ18 ሰከንድ ነገር ነው። ምድር በዙረቷ አንድ ወጥ ስላልሆነች ሰዓቱን ከእርስዋ ጋራ ለማስታረቅ ከ1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ 27 ጊዜ አንዳንድ ሰከንድ መጨመሩን፣ የሚጨመርበትም ወራት ስድስት ወር ያህል ብቻ ሲቀረው ከፓሪስ እንደሚታወጅ፣ በመጨረሻም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰብስበው ይህ ልማድ ከ2035 ሳያልፍ እንዲቀር መወሰናቸውን ብነግራቸው፣ "ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት እኛ ከሺሕ ዓመት በፊት እናውቃታለን፤ በስድስት ወር ማስታወቂያ የሚመጣ ጭማሪ ግን የሥርዓት ሳይሆን የሹም ነው" አሉ። ፀሐይን ከወንጌላውያን ጋራ ማስማማት ምድርን ከአቶም ጋራ ከማስማማት የቀለለ መሆኑን ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር፤ ሁለተኛው ቡና መጣና ተውሁት።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ባበቃ ነበር፤ ነገር ግን ከቨርጂኒያ የመጣ ዘመዳችን ለአሮጌ መኪናው ይጠቀምበት የነበረ ጂፒኤስ ይሆንሃል ብሎ ጥሎልኝ ሄዶ ኖሮ፣ ለመጠባበቂያ ይሆናል ብዬ ብሰካው፣ ሰከንዱን አንዲት ሳድሲት ሳያዛንፍ ዓመቱን ግን ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ወስዶ አሳየኝ። የቤት ሰው አልደነገጠም፤ "ፈረንጅ ሁልጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድመን የለም? ይኸኛው ደግሞ ቀርቶ ይሆናል" አለች ባለቤቴ። ምክንያቱ ግን ይህ ነው። የጂፒኤስ ዘመን የሚቈጠረው በሳምንት ሲሆን፣ ለሳምንቱ ቍጥር የተሰጠው ስፍራ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ከ1,023 በላይ አይይዝም፤ 1,024 ሲሞላ፣ ይኸውም በ19 ዓመት ከሰባት ወር ተኩል ገደማ፣ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አሮጌው ተቀባይ ሳምንቱን አሳምሮ ያውቃል፤ ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለ ግን የነገረው የለም።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። "ምስኪን፣ ወንበሩን አውቆ ዓመተ ዓለሙን የረሳ ተማሪ ነዋ! እኛም ዓመተ ዓለምን ለ19 ገድፈን ቀሪውን እንይዛለን፤ የገደፍነውን ግን አንጥልም" አሉና፣ ቍጥሩ መቼ እንደ ተጀመረ ጠየቁኝ። ጃንዩወሪ 6 ቀን 1980፣ እሑድ፣ ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ ዳሰሱ። "ታኅሣሥ 27 ቀን 1972፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ልደት በ28 ይውላልና የገና ጋድ ነበር። ቀጥሎስ?" መጀመሪያ ዜሮ የሆነበትን ኦገስት 22 ቀን 1999ን ነገርኋቸው። "ነሐሴ 16 ቀን 1991፤ ፍልሰታ ለማርያም!" ሁለተኛው ኤፕሪል 7 ቀን 2019 ነው አልሁ። ጣታቸው ቆመ። "መጋቢት 29 ቀን 2011፤ ጽንሰቱ ነው፣ ጥንተ ትንሣኤም ነው።" ዝም ተባባልን። እኔ በበኩሌ፣ በየዕለቱ ስንክሳር በሚነበብበት አቈጣጠር ላይ በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ሁሉ አንድ በዓል መምታቱ እንደማይቀር፣ ሳምንቱም በእሑድ ስለሚጀምር ነገሩ የሒሳብ እንጂ የምስጢር እንዳልሆነ ለራሴ ነገርሁ፤ ይህን እየተናገርሁም ቢሆን ቀጣዩን ለማየት በወረቀቱ ላይ 7,168 ዕለት መደመሬ አልቀረም።

"ኖቬምበር 21 ቀን 2038" አልሁ።

መሪጌታ አንጓ እንኳ አልዳሰሱም። "ኅዳር 12 ቀን 2031፤ ኅዳር ሚካኤል!" ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። "በስንት ሰዓት ላይ?"

"ሰከንድ መጨመሩ ከቀረ፣ ለሌሊቱ 9 ሰዓት 18 ሰከንድ ሲቀረው።"

"ያን ጊዜ ማኅሌት ላይ ነን" አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፤ "የቨርጂኒያውን ሰው አንተ ቀስቅሰው።"